አንድ ሚሊዮን ሃያ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባት

በማተሚያ ቤቱ ደረሰኝና ቲኬት ላይ ቁጥር የሚመታው ሰውዬ ቅናቱ አያድርስ ነው። ሠራተኞቹ «ሊቀ ቁጥር» ይሉታል፤ እሱም ቅጽል ስሙን እንደ ሹመት ተቀብሎታል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በምሳ ሰዓት ከአራሚዋ ጠረጴዛ አጠገብ ወንበር ስቦ፣ ከመታቸው ቁጥሮች አንዱን መርጦ ሲያካፍል ኖሯል። የሚካፈል ከሆነ ይንቀዋል። ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው ካጣ ግን «ይኼ ብቸኛ ቁጥር ነው» ብሎ ለአራሚዋ ያበረክትላታል፤ እሷም በመነጽሯ አናት አሻግራ አይታው ማስታወሻዋ ላይ ትጽፈዋለች። ፍቅሩን የገለጸላት በዚህ ብቻ ነው፤ ሌላ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

መፈተኛው አንድ ደብተር ነው። ከ2 እስከ 997 ያሉት 168 ብቸኛ ቁጥሮች በእጁ ተጽፈውበታል። ማሽኑ ስድስት አሃዝ ብቻ ስለሚመታ ከዚያ ማለፍ አላስፈለገውም፤ ከሚሊዮን በታች ያለ ቁጥር በነዚህ ካልተካፈለ ብቸኛ ነው። ዘንድሮ ባለ ሰባት አሃዝ ማሽን መጣ። ሰውዬው ማሽኑን ለመደ፤ ደብተሩን ማስረዘም ግን ትዝም አላለው።

ሰኞ ዕለት 1,022,117ን ይዞ መጣ። ሦስት ምሳ ፈጅቶበታል።

«ብቸኛ ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰጥቼሽ አላውቅም» አላት፣ ደረቱን ነፍቶ። ጻፈችው።

በማግስቱ አራሚዋ ከአዲሱ ጠራዥ ጋር አንገት ለአንገት ገጥማ ስትንሾካሾክ አያት። ጠራዡ ለግላጋ ነው፣ ሳቁም ያምርበታል፣ ምኑ ቅጡ! እሱን ሲያዩ ዝም አሉ። ደሙ ፈላ። ረቡዕም ተንሾካሾኩ። ሐሙስ ማሽኑ ሥር ብቻውን ተቀምጦ በላ። ከሰዓት በኋላም የጠራዡን ጣት ያገኘ ይመስል የማሽኑን እጀታ ሲደቁሰው ዋለ።

ዓርብ አላስቻለውም።

«ከጠራዡ ጋር የያዛችሁት ምስጢር ምንድን ነው?»

አራሚዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እስቲ ቁጥርህ ላይ አራት ጨምርበት» አለችው ቀስ ብላ።

ጨመረበት። 1,022,121 ሆነ፤ 1,011 በራሱ ሲባዛ የሚመጣው። የተጨመረው አራት ደግሞ ሁለት በሁለት ነው። እንግዲያው ሰኞ የሰጣት ቁጥር ከ1,011 አንዴ ሁለት ቀንሶ፣ አንዴ ሁለት ጨምሮ ሁለቱን ማባዛት ነው፤ 1,009 በ1,013። ብቸኛ አልነበረም። ደብተሩ ካበቃበት ቀጥሎ የሚመጣው ብቸኛ ቁጥር 1,009 ነበር። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«እሱ ነው ያገኘው?»

«እኔ ነኝ። እሱን ያማከርኩት ሳላስቀይምህ እንዴት እንደምነግርህ ነው።»

እፎይ ማለት ሲገባው ባሰበት። ቢዋደዱ ይሻለው ነበር።

«ታዲያ ለምን እኔኑ አልጠየቅሽኝም?»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሰጠኝ ኖርክ እንጂ መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችው። «እሱ በመጣ በሳምንቱ ‹አንቺስ ምን ይመስልሻል?› አለኝ።»

ሊቀ ቁጥር በጠራዡ የምሩን የቀናው ያን ጊዜ ነው።