አሚን አላልኩም

ሌሊት ጠፋች ብላችሁ ያስወራችሁ፣ እኔ አልጠፋሁም። ከመካነ ሰላም የወጣሁት በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አዲሱን ነጠላዬን ለብሼ ነው። የደሴው አውቶቡስ እስኪሞላ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ እያንዳንዳችሁን አይቻለሁ። ስሙን የማልጠራው የማኅበራችን ሥራ አስኪያጅም አየኝና ድንገት የሽንኩርት ዋጋ ይጠይቅ ጀመር። በዕድሜው ሽንኩርት ገዝቶ አያውቅም።

ለምን እንደወጣሁ ለማያውቅ ልንገር። ልጆቻችን ከዓረብ አገር የሚልኩት ብር የሚቀመጠው በቁጠባና ብድር ማኅበራችን ነበር፤ እኔም የቁጥጥር ኮሚቴው አባል ነበርኩ። ሥራ አስኪያጁ ያን ሁሉ ብር ለአንድ ነጋዴ ሊያበድር ተነሣ። ሰውየው ምስር ገዝቶ እስኪወደድ ሊያከማች ነው። "ዋሱ ማን ነው?" አልኩ። የነጋዴው አማች። የአማቹስ ዋስ? ራሱ ነጋዴው!

ይህን ልናገር በጠቅላላ ጉባኤ እጄን ሳወጣ፣ ሥራ አስኪያጁ ፈጠን ብሎ "አባቶች ይመርቁልንና እንበተን" አለ። ተንኮሉ ገባችሁ? እኛ ዘንድ ከምርቃት በኋላ ክፉ የሚያነሣ ሟርተኛ ነው። ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም "አሚን" አለ። እኔ አላልኩም። ብድግ ብዬ "ምስሩ ዋጋ ቢያጣ የልጆቻችን ላብ አብሮት ነው የሚሄደው" አልኩ።

"አንቺ ዘነቡ፣ ምነው ምላስሽን ለደግ ብታውዪው!" አሉኝ አንዱ ሽማግሌ።

ብሩ ተሰጠ። እኔም ደሴ ድረስ ሄጄ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ኃላፊው አመለከትኩ።

"እትዬ፣ ገንዘቡ ጠፍቷል?"

"አልጠፋም።"

"ታዲያ ምን ሆኑ?"

"ሊጠፋ ነው።"

"እንግዲያው ሲጠፋ ይምጡ።"

ከዚያ ወዲህ ሱቄ የሚገባው ዝንብ ብቻ ሆነ። የገዛ አበልጄ እንኳ ጨው ፍለጋ ደጄን አልፋ ትሄድ ጀመር። ሻርጃ ያለችው ልጄ "እማዬ፣ ነይና ልጅ ያዥልኝ" ስትለኝ ምን ልጠብቅ?

እዚህ ሻርጃ ብርድ የሚሠራው በማሽን፣ ቤት ውስጥ ነው፤ "መከይፍ" ይሉታል። የእኛ ብርድ ክፉ ቢሆንም አያስከፍልም። ቤት አከራዩ የመጣሁ ሰሞን በሩን አንኳክቶ፣ "ስንት ናችሁ?" አለ። ልጄ አስተረጎመችልኝ።

"ሦስት፤ አንዱ ሕፃን ነው።"

"ሐበሻ ሦስት ሲል አሥር ነው።"

"አሥር ብንሆን የመታጠቢያ ቤትህ ጣራ ይወድቅ ነበር፤ ለሦስታችንም እየረገፈ ነው።"

"እሱ ከእናንተ በፊትም ይረግፍ ነበር" አለኝ፣ ሳያፍር። ወደድኩት። የእኛው ሥራ አስኪያጅ ይህን ያህል እውነት ተናግሮ አያውቅም።

ዓርብ ዓርብ የመካነ ሰላምና የወግዲ ልጆች እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። ብራችሁን ከማኅበሩ አስወጡ ብዬ ለመንኳቸው። "ማዘር፣ ቂም ይዘውባቸው ነው" ብለው ሳቁ። የሰማችኝ አንዲት የወግዲ ልጅ ብቻ ናት፤ እሷ ዛሬ ለእናቷ ቤት እያሠራች ነው። ሌሎቹ አሁን ሲመጡ ዓይኔን አያዩም። እኔም ሻይ እቀዳላቸዋለሁ እንጂ ነግሬያችሁ ነበር አልልም። ፊቴ ግን ይላል መሰለኝ።

በቀደም እህቴ ደወለች። የምስር ዋጋ ወርዷል፣ ነጋዴው ስልኩን ዘግቷል፣ የማኅበሩ በር ተቆልፏል።

"ልክ ነበረች ይላል ሰው ሁሉ" አለችኝ።

"የት ነው የሚለው?"

"በየቤቱ።"

"በጉባኤስ?"

"ኧረ በጉባኤ ማን ደፍሮ!"

"በጉባኤ ሲሉ ደውይልኝ" ብዬ ዘጋሁባት።

ወዲያው መልሼ ደወልኩ። የበልጉ ዝናብ መጀመር አለመጀመሩን ሳልጠይቃት ነበር የዘጋሁት።