በስልክ የተለካች ልጅ

ጨርቁን ቆርጣ ስትጨርስ የቀረውን ጠመኔ በመዳፏ ጎን ትጠርገዋለች። በብሩሽ አይደለም፣ በጣቷም አይደለም፤ ከትንሿ ጣት በታች ባለው የእጇ ጠርዝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አንዴ ብቻ። ዕድሜ ልኳን እንዲህ ስትጠርግ ያ የእጇ ጎን እንደ ጫማ ሶል ጠንክሯል። ልብስ ሰፊ ናት። እኔ ጎረቤቷ ነኝ። የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት ሲውሉ ሱቋ ገብቼ ቁልፍ እተክልላታለሁ፣ እሷ ደግሞ ታበሽቀኛለች። አንቺ የተከልሽው ቁልፍ ባለቤቱ ቢሞት እንኳ አይወልቅም ትለኛለች።

ሱቋ ጠባብ ናት። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ በመጋረጃ የተከለለ መልበሻ፣ በሩ አጠገብ ደግሞ ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስታወት። ግድግዳው ላይ ከወረቀት የተቆረጡ ልኮች በሚስማር ተንጠልጥለዋል። ከሁሉም በታች፣ ሌሎቹ የሸፈኑት፣ የልጇ ልክ አለ።

ልጇ የወደደችውን ሰው እሷ አልወደደችውም። ሾፌር ነው፤ አንዴ አግብቶ ፈቷል። ተቆጣች፣ ለመነች፣ አለቀሰች፤ አልሆነም። በመጨረሻ ልጅቷ ለሠርግ ቀሚሷ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ይዛ ስትመጣ፣ መቀሴ ደንዟል፣ ሌላ ሰፊ ፈልጊ አለቻት። የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ያለበሰች ሴት የገዛ ልጇን ሳታለብስ ቀረች። ልጅቷ በኪራይ ቀሚስ ተዳረች። ትከሻው ሰፍቷት በመርፌ ቁልፍ አስይዘውላት እንደነበር ከሠርጉ የተመለሱ ሰዎች ነገሩን። እናትየው ይህን ስትሰማ ሥራዋን አላቆመችም። ግን ያን ቀን የሰፋችው ሁሉ በማግስቱ መፈታት ነበረበት።

ከዚያ ወዲያ አልተደዋወሉም። ልጅቷ ከባሏ ጋር ሌላ ከተማ ገባች፤ ሴት ልጅ መውለዷንም ከሰው ሰማን። አንድ ነገር ብቻ ክፍት ቀርቶ ነበር። የእናቷን ቁጥር ከስልኳ አላጠፋችም። ስለዚህ ስታተስ ላይ የምትለጥፋቸው፣ በማግስቱ የሚጠፉት የልጇ ፎቶዎች እናቷም ዘንድ ይደርሳሉ። ማን እንዳየው ደግሞ ለለጠፈው ሰው ይታየዋል። እናት ታያለች፣ ልጅ መታየቱን ታውቃለች፣ ሁለቱም ቃል አይተነፍሱም። ከኩርፊያው የተረፈችው ቀዳዳ ይህች ብቻ ነበረች።

ችግሩ ፎቶው አይቆይም። ሰፊዋ ቁጥር እንጂ ፊደል አታውቅም፤ ከፎቶው ስር የተጻፈውን የማነብላት እኔ ነኝ። እኔም ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነውና አንዱን ቃል ከሌላው እስካያይዝ ፎቶው ያልፍና ሌላ ሰው የለጠፈው የሶፋ ፎቶ ይመጣል። ምን ይላል ትለኛለች። ልጄ ዛሬ ይላል እላታለሁ። ዛሬ ምን ሆነች ትላለች። ሄዷል። እንደገና ስንከፍተው እንደገና ይሮጣል፤ በማግስቱ ጭራሹን የለም።

ስልኩን ይዛ አጠገባችን ወዳለው ስልክ ጠጋኝ ሄደች፤ ተከትያት ገባሁ። ጠጋኙ ተረበኛ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን እንዳለ ማስቀረት ስክሪንሾት እንደሚባል ነገራትና፣ ማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን እኩል ተጫኚ አላት። ያ እኩል የሚሉት ነገር ጉድ አደረጋት። አውራ ጣቷ ከመቀስ ብዛት አይታጠፍም። አንዱ ሲቀድም ስልኩ ይተኛል፣ ሌላው ሲቀድም ድምፁ ይጠፋል። ከቀናት በኋላ ያስቀረችውን ከፍቶ ሲያይ ሁሉም ስልኩ ተቆልፎ የተነሳ የሰዓት ፎቶ ነው።

"እናቴ፣ ሰዓት መነገድ ጀመርሽ እንዴ?" አላት።

ሌላ ዘዴ አሳያት፤ ከስክሪኑ አናት ወደ ታች ጎትተሽ የምትነኪው ምልክት አለ አላት። ምልክቱን በዓይኗ እስክትፈልግ ፎቶው ያልፋል። ሦስት ጣትሽን አሰልፈሽ ወደ ታች ሳቢ አላት፤ ሁለቱ ሲሄዱ ሦስተኛው ይቀራል። ሊሰለቸው ሲል፣ እንደ እሷ ባለው ስልክ በእጅ ጎን ስክሪኑን ጠረግ ማድረግም እንደሚሠራ ትዝ አለው። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ አበራላትና እንዲህ ነው ሊላት እጁን ሲያነሳ፣ ቀድማው ጠረገችው። ከቀኝ ወደ ግራ፣ አንዴ። ስክሪኑ ብልጭ አለ፣ ፎቶው ቀረ።

"ማን አስተማረሽ?" አላት።

"ጠመኔ" አለችው።

ከዚያ በኋላ ትንሿ ልጅ አላመለጠችንም። እየጠረገች ታስቀራለች፣ እኔ ተረጋግቼ አነብላታለሁ። ጥርሷ ወለቀ። ፀጉሯን ብቻዋን አበጠረች። ዝናብ ፈርታ አልጋ ስር ገባች። ፎቶ አንሺዋ የትንሿ እናት ስለሆነች የራሷ ፊት አይታይም፤ አንዳንዴ ግን እጇ ይገባል፣ የትንሿን ትከሻ ይዞ።

አንድ ቀን ስገባ የልብስ መለኪያ ሜትሯን ስልኩ ላይ ዘርግታ አገኘኋት። አበደች ብዬ ደነገጥኩ። ለካ የልጇን እጅ እየለካች ነው። ያ እጅ እስከ ሠርጉ ወር ድረስ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ በስንዝር ሲለካ የኖረ ነው፤ መጠኑን እንደራሷ እጅ ታውቀዋለች። የልጇ እጅ ስክሪኑ ላይ ይህን ያህል ካከለ፣ አጠገቡ ያለው ደረት ይህን ያህል ይሆናል ማለት ነው። በአንድ ፎቶ አላመነችም፤ ሌላ አወጣች፣ ደግሞ ሌላ። የትንሿ ግራ ትከሻ እንደ እናቷ ዝቅ ይላል፣ አየሽ አለችኝ። እኔ ምንም አላየሁም።

ሰማያዊ ቀሚስ ሰፋችላት። ግራ ትከሻውን ትንሽ ዝቅ አድርጋ ቆረጠች። ልጅ ታድጋለችና ጫፉ ውስጥ ብዙ ጨርቅ አጥፋ አስቀረች። የሰፊዋ እህት ልጅቷ ወዳለችበት ከተማ ስትሄድ ሰጠቻትና፣ ከሱቅ የገዛሁት ነው በይ፣ የኔን ስም እንዳታነሺ ብላ አስጠነቀቀቻት።

ስልኩ የጠራው ቀሚሱ ከደረሰ በኋላ ነው። እጇ መኪናው ላይ ስለነበር ማን ነው አለችኝ። ስክሪኑን አየሁት። ልጄ ይላል። ያን ቃል ለማንበብ አልዘገየሁም። ድምፁን ከፈትኩላት።

ሰላምታ የለም።

"ልጄን በምን ለካሻት?"

"እህቴ ከሱቅ ነው አላለችሽም?"

"ሱቅ የልጄን ትከሻ ያውቃል?"

በዚህ ጊዜ እናትየው እውነቱን ተናገረች። "ከምትለጥፊው ነው። እንዳይጠፋብኝ እያስቀረሁ።"

"ሁሉንም?"

"ያየሁትን ሁሉ።"

ልጅቷ ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለቀሰችም። "የሚጠፋ ቦታ ላይ የምለጥፈው እንዲጠፋ ነው እኮ እማዬ። አይተሽ እንድታልፊ እንጂ እንድትወስጃት አይደለም።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ለኔ የደነዘ መቀስ ለልጄ ከየት ተሳለ?"

ይህን ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎቶ አልመጣም። ኔትወርክ ነው አልን። ስልኩ ቢያረጅ ነው አልን። ጠጋኙ ጋ ስንሄድ አገላብጦ አየው፤ ያን ቀን አልተረበም። ስልክሽ ደህና ነው፣ ብሎክ አድርጋ የዘጋችብሽ ልጅሽ ናት አላት። ሌላ ዘዴ የለም ወይ ብላ ጠየቀችው፤ እሱ ዘዴ አያልቅበትም ነበር።

"ስክሪኑ ላይ ያልመጣውን ማስቀረት አይቻልም፣ እናቴ።"

አሁን ያሉትን ታያለች። በየፎቶው አናት ላይ የዚያ ቀን ሰዓትና የባትሪው መጠን አብሮ ቀርቷል፤ አንዱ ላይ ባትሪው ቀልቶ ሊያልቅ ነው። ትንሿ ጥርሷ እንደወለቀ ትስቃለች። ሜትሯን ስትዘረጋባት ያው የድሮው ልክ ነው የሚወጣው። ባለፈው ቀን፣ አሁን ስንት ሆና ይሆን አለችኝ። ዕድሜዋን ነው ወይ አልኳት።

"ደረቷን" አለችኝ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ካያችሁ፣ ቀሚሱም አጥሯት ከሆነ፣ እናቷን አንድ ነገር ንገሩልኝ። የሰፊዋን ስም አታንሱ፤ ይቅር በያትም አትበሏት። ጫፉ ውስጥ የታጠፈ ብዙ ጨርቅ አለ፣ ክሩን ፍቺና ልቀቂላት በሏት።