ምስማር የማያውቅ ሣጥን

ወረታ ላይ አናጢው እኔ ብቻ ሳለሁ ሣጥኔን የሚነቅፍ አልነበረም። ጌጡ የሚባል ጎልማሳ ከጎንደር መጥቶ ገበያው ዳር ሱቅ ሲከፍት ግን እንቅልፍ አጣሁ። የእሱ ሣጥን ማዕዘኑ ጥርስ ለጥርስ ተነካክሶ ያለ ምስማር ይገጥማል። ደንበኞቼ ሁሉ ወደ እሱ ጎረፉ።

ይባስ ብሎ ባለቤቴ ጥሩወርቅ «ሐሙሲት ሄጄ እናቴን ልይ» እያለች መውጣት አበዛች። ስትመለስ ቀሚሷ ጥድ ጥድ ይሸታል። እኔ የምሠራው በዋንዛ ነው፤ በጥድ የሚሠራው ጌጡ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተከተልኳት። ሐሙሲትን ትታ ጌጡ ሱቅ ገባች። ደሜ ፈላ፤ በሩን በርግጄ ገባሁ።

ጌጡ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሏል። ጥሩወርቅ የሳንቃውን ማዕዘን በስኳድራ ለክታ፣ በሞርሳ መንጋጋ መሐል ቀጥ አድርጋ አጥብቃ፣ ጥርሱን በመጋዝ ታወጣለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

ጌጡ ደንግጦ ተነሣ። «ጋሼ፣ እንዳልናገር አስምለውኝ ነው። ሣጥኑን ሁሉ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ሻጭ ነኝ» አለኝ።

እሷ ቀና እንኳ አላለችም።

«የአናጢ ልጅ መሆኔን እያወቅህ፣ አንድ ቀን መጋዝ አስነክተኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ።