ሲወድቅ እጁን እይ

ወጌሻ ሆኜ ክለቡ የገባሁ ዕለት ማንንም አላከምኩም። ሥራዬ በረዶ መሸከም ነበር። ከዚራ ሰፈር ካለው ጭማቂ ቤት በጆንያ ጠቅልዬ አመጣለሁ፤ ሜዳ ስደርስ ግማሹ ውሃ ሆኗል። የድሬን ፀሐይ የማያውቅ ሰው ይህን አይረዳም።

አለቃዬ ጋሽ በቀለ ነበር፤ የክለቡ አሮጌ ወጌሻ። ገና ስተዋወቀው አንቱ ብዬው፣ «አቦ ተው፣ ድሬ ላይ አንቱ ማን ይባላል? አንተ በለኝ» አለኝ። ከዚያ ተጠባባቂዎቹ አጠገብ አስቀመጠኝና አንድ ነገር ብቻ አስተማረኝ።

«ሙሌ፣ ተጫዋች ሲወድቅ እግሩን አትይ። እግር ይዋሻል። እጁን እይ። ሣሩን እየደበደበ የሚጮኸው ትንሽ ቆይቶ ይነሳል። እጁ ዝም ካለ ግን ቃሬዛ ጥራ።»

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚህ ሠራሁ። የጋሽ በቀለ ቃል ጥሎኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ጉድ ሠራኝ፤ እሱም በአብዲ ምክንያት ነው።

አብዲ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው። ግራ እግሩ ኳስ ሲነካ ሜዳው ሙሉ ይነሳ ነበር። አንድ ቀን በገዛ ሜዳችን ላይ ጉልበቱ ሄደ። እጁን አየሁ፤ ዝም ብሏል። ቃሬዛ ጠራሁ። ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ የክለቡ ሰዎች «አበቃለት» ብለው ውሉን ሳያድሱ ቀሩ። እያሸሁ፣ እያነከሰም ቢሆን እያስሄድኩ መልሼ እንዲራመድ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ያኔ ነው ጊዜ ለማሳለፍ ብዬ ጋሽ በቀለ ያስተማረኝን የእጅ ነገር የነገርኩት። ሲድን ሌላ ከተማ ሄዶ ብዙ ዓመት ተጫወተ።

በመጨረሻው የሥራ ዓመቴ ክለባችን ከሊጉ ሊወርድ ጫፍ ላይ ደረሰ። ውድድሩ ሲጋመስ፣ አንድ ጠዋት ልምምድ ላይ ሳለን ባጃጅ ቆመ። አንድ ሰውዬ ታኬታውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወረደ።

«ዋርያ ሙሌ! በረዶህ ዛሬም ውሃ ነው?»

የበረዶው ሳጥን ከእጄ ወደቀ። ጺሙ ሸብቷል እንጂ ራሱ አብዲ ነው!

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አልኩት።

«አቦ፣ ያደግኩበት ቤት እየወረደ ቁጭ ብዬ ልይ?»

ሐኪም ጉልበቱን በራጅ አይቶ ድኗል፣ ብዙ ሩጫ ግን አይችልም አለ። እኔም ዳስሼ ያው ነው ያገኘሁት። አሰልጣኝ ደረጀ ቢሮው ጠርቶ አፋጠጠኝ።

«ወጌሻ፣ በአጭሩ ንገረኝ። ይችላል ወይስ አይችልም?»

«ከዕረፍት በኋላ ትንሽ ትንሽ ይችላል። ሙሉ ጨዋታ ካሰለፍከው ግን እኔ የለሁበትም።»

«እሺ፣ በአንተ ቃል አስገባዋለሁ» አለኝ። እንቅልፌን የነሳችኝ ይህች ቃል ናት።

የአብዲ እናት ፋጡማ ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ሰምታ ኖሮ መንገድ ላይ ያዘችኝ። «ስማ ሙሌ፣ ያ ጉልበት ዳግመኛ ከተጎዳ አብዲ በምርኩዝ ነው የሚሄደው ብሎኛል ያከመው ሐኪም። ጎል አልፈልግም። ልጄ በእግሩ ሄዶ ቀፊራ ድረስ ይምጣልኝ። አደራ።» አደራዋን ተቀበልኩ።

የመጨረሻው ጨዋታ በሜዳችን ነበር። አቻ ከወጣን እንተርፋለን፣ ከተሸነፍን እንወርዳለን። አንድ ለዜሮ እየተመራን አብዲ ተቀይሮ ገባ። ጉልበቱን ያሰርኩት ራሴ ነኝ። ቅጣት ምት አገኘን፤ በዚያች ግራ እግሩ አሻማ፣ አምበላችን በቴስታ አገባ። ከተማው ጮኸ! እኔ ግን የማየው ጉልበቱን ብቻ ነበር።

የባከነ ሰዓት ላይ አብዲ ማዕዘኑ ጋ ከተከላካይ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። እጁን አየሁ። ዝም ብሏል።

የፈሩት ይደርሳል የሚሉት እውነት ነው። ወጌሻ ዳኛው ሳይጠራው ሜዳ አይገባም፤ እኔ ግን ቦርሳዬን ይዤ በረርኩ። ፊሽካ ይነፋል፣ አልሰማሁም። ዓይኔ ላይ የፋጡማ ፊት ብቻ ነው ያለው።

«አብዲ! አብዲ!»

አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገ። «ቀስ በል ሙሌ። ፋሻውን ፍታና እንደገና እሰረው። ሰዓት ይሂድ።»

«ጉልበትህስ?»

«ደህና ነው።»

«እጅህ ለምን ዝም አለ ታዲያ?»

«አንተ የምታየው እጅ አይደል? እሱን ዝም ካላሰኘሁ መቼ ትመጣለህ?»

በጥፊ ልለው ነበር። ግን እንባዬ ቀደመኝ። ፋሻውን ፈትቼ ቀስ ብዬ እንደገና አሰርኩት። ዳኛው መጥቶ ቢጫ ካርድ አሳየኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የመጀመሪያዬ! እንባዬን ሲያይ ግን ነገሩ የከፋ መሰለውና ቃሬዛ አስጠራ። አብዲም ሳያፍር ተኝቶበት ወጣ። ይህን ልክ ነው አልልም። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ከቃሬዛው ላይ ዘሎ ወረደና ጨፈረ። ተረፍን።

በማግስቱ ባጃጅ ከለከልኩት። በደቻቱ ድልድይ ተሻግረን በእግራችን ቀፊራ ገባን። ፋጡማ ሰላም እንኳን አላለችውም።

«ወጌሻው አለቀሰ ብለውኝ ዓይኔን አልከደንኩም። በስልክ ደህና ነኝ ይለኛል፤ በስልክ ጉልበት ይታያል? ሂድ እስቲ።»

በቅመሞቹ መሃል ሄደ።

«ተመለስ።»

ተመለሰ። እግሩን ከታች እስከ ላይ አየችና «አልሐምዱሊላህ» ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተን ብሎ ወጌሻ! በደህና እግር ይለቀሳል?»

እኔም ከጎኗ ቁጭ ብዬ እስኪያመኝ ሳቅኩ። እንደዚያ ቀን ቅልል ብሎኝ አያውቅም።

ለአዲሶቹ ወጌሾች የምላቸው ይኸው ነው። ሲወድቅ እጁን እዩ። እጁን እንደምታዩ ግን ለተጫዋቹ አትንገሩት።