ባል የሞተባትስ?

ልጅ ሳለሁ፣ ድሬዳዋ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር አጎቴ ጋሼ ተካ ፋኖሱን ለኩሶ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ይቀመጥና፣ ፍሙ ላይ በቆሎ እየጠበሰ የግሪኮችን ተረት ይነግረን ነበር። የአንድ ግሪክ ነጋዴ መጋዘን ጠባቂ ስለነበር ተረቱን የቃረመው ከሰውዬው ነው። ያኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው የጥንት ሯጮች ስለሚሽቀዳደሙበት ሜዳ ሲያወራ ነበር።

«ምን ለብሰው ነው የሚሮጡት?» ብዬ ስጠይቀው ጭስ እንዳነቀው ሰው አሳለና፣ «ዘይት ይቀባሉ» አለኝ።

የሜዳው ርዝመት አንድ ምዕራፍ ነው ሲለን፣ ምዕራፍ የድሮ ሰዎች የርቀት መለኪያ መሆኑን አላወቅሁም። ሯጮቹ መጽሐፍ ይዘው፣ አንድ ምዕራፍ አንብበው እስኪጨርሱ የሚሮጡ ይመስለኝ ነበር። አድጌ ይህን ለባለቤቴ ስነግረው እንባው እስኪፈስ ሳቀብኝ። «ጡረታ ስወጣ አብረን ሄደን እናነበዋለን» ይለኝ ነበር። ባሕር ማዶ፣ ካልጋሪ ውስጥ ሃያ ዓመት አውቶቡስ ነዳ፤ ጡረታው ሳይደርስ ባለፈው ጥር ሞተ።

መስከረም ላይ ልጄ ሜሮን ወደ ግሪክ ትኬት ቆረጠችልኝ። ይህን የሰሙ የማኅበራችን ሴቶች ካስልሪጅ ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጡ።

«ዓመቱ ሳይወጣ፣ ጥቁር ለብሰው ቱር ሊሄዱ ነው እትዬ? ሰው ምን ይላል?» አለችኝ አንዷ።

«ሰውማ እናንተው ናችሁ፤ ምን ልትሉ ነው?» አልኳት። ሄድኩ።

ኦሎምፒያ ያለው ሜዳ ሣር በለበሱ ሁለት ተረተሮች መካከል የተዘረጋ ባዶ አፈር ነው። አስጎብኚያችን እየሳቀ፣ ያኔ ያገባች ሴት ውድድሩን ስታይ ከተያዘች ከገደል እንድትወረወር ሕግ እንደነበረ፣ ልጃገረዶች ግን ይፈቀድላቸው እንደነበር ነገረን። ቱሪስቱ ሁሉ አብሮት ሳቀ። ደሜ ፈላ።

«ባል የሞተባትስ ብለሽ ጠይቂልኝ» አልኳት ሜሮንን።

«እማ፣ ፕሊስ! ሰው እያየን ነው!»

«ይየና! ጠይቂው!»

ጠየቀችው። ትከሻውን ሰበቀና፣ «ስለ እሷ የተጻፈ ነገር የለም» አለ።

ሯጮቹ ይነሱበት ከነበረው የድንጋይ መስመር ተነስቼ፣ በጥቁር ልብሴ፣ ሜዳውን እስከ ዳር ሄድኩት። መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረኝ፤ አልቆምኩም። ጋሼ ተካ ስለ ገደሉ ያውቅ ይሆን? ለእኛ ለሴቶቹ አዝኖ ትቶት ከሆነ ደግነቱ ይገባኛል፤ ግን ነግሮን ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ፣ እዚያው ፍሙ ዳር ጮኼ ይወጣልኝ ነበር።

ዳር ደርሼ ዞር ስል አጠገቤ ማንም የለም። በአስጎብኚውም በማኅበሩ ሴቶችም ከተናደድኩት ይልቅ፣ አብረን እናነበዋለን ብሎ ቀድሞኝ በሄደው ባለቤቴ ተናደድኩ። ካልጋሪ ከተመለስኩ ወራት አልፈዋል፤ እስካሁን አልበረደልኝም።