ንጹሕ ምራቅ

አሰላ ውስጥ የአንድ ምርምር ላቦራቶሪ ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ለሳንባ ነቀርሳ አዲስ ክትባት እፈልጋለሁ የሚል ዶክተር ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለ ባክቴሪያው ፕሮቲኖች ያስረዳል፤ በቤተሰብ በቤተሰብ ይከፈላሉ፣ የአንደኛው ቤተሰብ ሥራ ገና በቅጡ አልታወቀም፣ ክትባቱ ምናልባት ከዚያ ይገኛል ይላል። ወለል እየወለወልኩ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የፕሮቲኖቹን ዘር ማንዘር ይቆጥራል፤ ፊት ለፊቱ የሚያስለውን ሰው ግን ቀና ብሎ አያይም።

አባቴ ከዲክሲስ የመጡት ሳል ሁለት ወር ካሰቃያቸው በኋላ ነው። ከስተው ሱሪያቸው በገመድ ታስሯል። ዶክተሩ ወረቀቱን እያየ ኩባያ ሰጣቸውና "አክታ ይትፉበት" አለ። አባቴ ወደ ቧንቧው ሄደው አፋቸውን ሦስቴ ተጉመጠመጡ። ከዚያ ጥርት ያለ ምራቅ ተፉና በሁለት እጃቸው አቀረቡለት። እኛ ዘንድ ለተማረ ሰው ቆሻሻ አይሰጥም። ውጤቱ ኔጌቲቭ ሆነ። በሳምንቱ ደገሙት፤ ያው ሆነ።

"ብርድ ነው፤ ቤትዎ ይሂዱ" አላቸው።

ሁለቱንም ቀን ኩባያውን አይቼዋለሁ። አፍሬ ዝም አልኩ፤ ለዚያ ራሴንም እንቃለሁ። አባቴ እንዲሁ ቢመለሱ እንደሚሞቱ ግን አውቅ ነበር። ጋቢያቸውን ሲያጣፉ ተጠጋሁ።

"ዶክተር፣ ያ እኮ ምራቅ ነው።"

"አንቺ ደግሞ መቼ ተመረቅሽ?" አለኝ። አጠገቡ የቆመች ነርስ ሳቀች።

አዲስ ኩባያ አንስቼ አባቴን ከሕንጻው ጀርባ ወደ ባሕር ዛፎቹ ወሰድኳቸው።

"አባባ፣ ከደረትዎ ያውጡት።"

"ነውር ነው ልጄ! ይህን ለእሳቸው?"

"የሚፈልገው ይህንኑ ነው።"

ፊቴን አዞርኩላቸው። ሳሉ፣ ደጋግመው ሳሉ። ኩባያው ውስጥ የነበረው ወፍራምና ደም የነካው ነው። ለምርመራ ክፍሉ ራሴ አስረከብኩ፤ ከሰዓት በኋላ ፖዘቲቭ ተባለ። መድኃኒት በዚያው ቀን ጀመሩ።

ዶክተሩ ደስ አለው፤ ለአባቴ ብሎ ግን አይደለም። "እንዲህ ያለ ናሙና ነበር የቸገረኝ! ለክትባቱ ሥራ ትልቅ ነገር ነው" አለ። አባቴ ጎንበስ ብለው አመሰገኑት። እኔ አላመሰገንኩም።

አሁን ከጢቾም ከጮሌም የሚመጡትን ሰዎች ኩባያ ዶክተሩ መጀመሪያ ለእኔ ያሳየኛል። ምራቅ ከሆነ ራሴን እነቀንቃለሁ እንጂ አላናግረውም። ለእንግዶቹ "ልጅቷ ዓይን አፋር ናት" ይላቸዋል። ይበል።