በፎቶ ቤታችን መስታወት ላይ የተሰቀሉት እስረኞች

አባቴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ነበረው፤ እኔም ኮሌጅ ከጨረስኩ ጀምሮ አብሬው እሠራ ነበር። ታናሽ እህቴና ጓደኞቿ «ያለ ፍርሃት እንምረጥ፣ ያለ ፍርሃት እንናገር» ብለው ወጣቶችን ሰብስበው በማወያየታቸው ታሰሩ። ፍርድ ቤቱ በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ይሰጣል፤ እኛ ስንቅ እናመላልሳለን። ከሁሉ የከፋኝ ግን ሰው እየረሳቸው መሄዱ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን መንገድ ላይ አስቁመው «እንዴት ሆነች?» ይሉን የነበሩ ጎረቤቶች፣ ኋላ ላይ በሰላምታ ብቻ ያልፉን ጀመር።

አንድ ጠዋት ሱቁን ስከፍት፣ መስታወቱ ላይ የነበሩትን የሙሽሮች ፎቶዎች አወረድኩና የእህቴንና የጓደኞቿን የምረቃ ፎቶዎች በትልቁ አትሜ ሰቀልኩ። አንድም ቃል አልጻፍኩበትም።

አባቴ ሲመጣ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ልጄ፣ አንዷ ታስራብኛለች። አንቺንም ልጣሽ?»

«አባዬ፣ ዝም ስላልን ትፈታለች?»

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ ግን አላወረዳቸውም።

አላፊ አግዳሚው መቆም ጀመረ። ከጊዮርጊስ የሚመለሱ እናቶች «እሱ ያስፈታችሁ» እያሉ ያማትባሉ። ገብቶ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ለምን እንደታሰሩ እነግራለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ መጣ።

«እነዚህን አውርጂ።»

«የምረቃ ፎቶ መስቀል በየትኛው ሕግ ነው የተከለከለው?»

«አውርጂ አልኩሽ!»

«አላወርድም።»

ራሱ ገነጣጥሎ አወረዳቸውና ጣቢያ ወሰደኝ። ከሰዓት በኋላ አስጠንቅቀው ለቀቁኝ።

ስመለስ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አባቴ ሲያትም ውሏል፤ የእህቴ ፎቶ ከበፊቱ ተልቆ መስታወቱን ሞልቶታል። ጎረቤታችን ያለው ወርቅ ቤት በሐብሎቹ መካከል አንድ ሰቅሏል፤ ካፌው ደግሞ ከባንኮኒው በላይ። የወርቅ ቤቱ ባለቤት ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «እንግዲህ ፒያሳን በሙሉ ይሰሩና እናያለን!» አለኝ።

ፎቶዎቹ ከሱቅ ሱቅ እየተሰቀሉ እስከ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ድረስ ተዳረሱ። ፖሊሶቹ እዚህ ሲያወርዱ እዚያ ይሰቀላል፤ በመጨረሻ ሰለቻቸው። በቀጠሮ ቀን ችሎቱ ሞልቶ ሰው ደጅ ይተርፍ ጀመር። ጋዜጦችም ስለ እነሱ መጻፍ ጀመሩ።

ከወራት በኋላ የእህቴና የአንዳንድ ጓደኞቿ ክስ መቋረጡን በሬዲዮ ሰማን። እህቴ ከስታ፣ ልብሷን በፌስታል አንጠልጥላ ከወህኒ ቤቱ በር ስትወጣ አባቴ አቅፏት ቆመ። ፒያሳ ስንደርስ እልልታው መንገዱን ዘጋው። እሷ ግን በየሱቁ ፎቶዋን ስታይ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ውይ! ጸጉሬን እንኳ ሳልሠራ የተነሳሁትን ነው ለአራዳ ሁሉ ያሳያችሁት?»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። በሕይወቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው አባቴ መሀል መንገድ ላይ እስክስታ ወረደ።

ጭፈራው ጋብ ሲል እህቴ ድምፅዋን አሰምታ፣ «ያልወጡ ጓደኞች አሉን። ነገ ስንቅ ይዞ ማን ይሄዳል?» አለች።

«እኔ!» አለ አንዱ። ሌላውም ተከተለ፤ ከዚያ ማን እንዳለ መለየት እስኪያቅት ድረስ ሁሉም ጮኸ። በማግስቱ ጠዋት እህቴ ምሳ ዕቃውን ይዛ ከፊት ከፊት ስትሄድ፣ እኛ እሷ ጋ ለመድረስ መሮጥ ነበረብን።